ተራው የባጫ ነው

ጨዋታን ከኑሮ አስበልጦ የሚያከብር ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ዳማ ሲጫወት "ጠጠሯን ነክተሃታል" ብሎ የሃያ ዓመት ጓደኛውን የሚያኮርፍ፣ ልጆች ብይ ሲመቱ አስፋልት አቋርጦ መጥቶ "ስንዝርህ ረዘመ" የሚል፣ ሰፈሩ በሙሉ ሲስቅ ብቻውን ፊቱን አጥቁሮ ሕግ የሚጠብቅ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት አጎታችሁ ነው፤ ምናልባት የድሮ አስተማሪያችሁ ነው፤ ምናልባትም፣ አምላክ ይርዳችሁና፣ ባላችሁ ነው።

አዳማ የደረሳት ግን የሁሉም አውራ ነው፦ ክቡር አጫዋች ማናሴ።

ፎዚያ ይህን ስም ስትጠራ እስከ ዛሬ ከንፈሯ ላይ ሳቅ ይመጣል፤ ወዲያው ደግሞ ክንዷ ላይ ያለው ጸጉር ይቆማል። ሁለቱንም ያመጣባት ያው አንድ ሰው ነው።

ማናሴ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የንድፍ ሥራ ያስተምራል። ከኪሱ የተቀረጸ እርሳስ አይጠፋም፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ድረስ ይቆልፋል፤ ያውም በአዳማ ሙቀት። እሁድ እሁድ፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፍራንኮ ሰፈር ካለ አንድ ልብስ ስፌት ቤት በላይ በተከራያት ክፍል ጠረጴዛ ዘርግቶ ያጫውታል። ስምንት ከአምስት የመጣ ደረጃው ላይ አምስት ደቂቃ ቆሞ ይገባል። ሕግ ነው።

ጨዋታው ካርታ አይደለም፤ ቼዝም አይደለም። ሰፈሩ "የወሬ ቁማር" ይለዋል፤ ቁማርም አይደለም። አጫዋቹ አንድ የሌለ አገር ያወራል፤ መንገዱን፣ ወንዙን፣ ዋሻ ውስጥ የሚጠብቀውን ፍጡር። ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው ወረቀት ላይ አንድ ሰው ይፈጥራሉ፤ ስሙን፣ ሙያውን፣ ጉልበቱን ይጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ፣ በዚያ ሰው እግር ይሄዳሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ፣ ገደሉን ይዘለዋል ወይስ ይወድቃል ሲባል፣ ሃያ ጎን ያላት፣ በየጎኗ ቁጥር የተጻፈባት ዳይስ ትጣላለች። ትልቅ ቁጥር ያወጣ ይተርፋል፤ ትንሽ ያወጣ አይተርፍም።

በሌላው አገር ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ ያሻቸውን ይሆናሉ አሉ፤ ጆሮው የሾለ፣ ሦስት መቶ ዓመት የሚኖር፣ ክንፍ ያለው፣ ግማሽ አካሉ ዘንዶ የሆነ። በማናሴ ክፍል ግን በማስመሪያ ተሰምሮ፣ በቀይ ተጽፎ፣ በሩ ላይ የተለጠፈ አንድ ሕግ አለ፦ "ሰው ብቻ!"

"ትንሽ ክንፍ፣" ብሎ ለመነው አንድ ቀን ይትባረክ። ቀኑን ሙሉ ከባንክ መስኮት ኋላ የሚቀመጥ ልጅ ነውና መብረር አማረው። "ከኮት ሥር የምትደበቅ። ማንም አያያትም።"

"ሰው ብቻ!"

"እሺ እኔ ጅብ ልሁን፣" አለ ኦሊቃ። ኦሊቃ ባጃጅ ይነዳል፤ ሳይቀልድ ውሎ አያውቅም። "ቀን ሰው፣ ማታ ጅብ። እኛ ሰፈር እኮ ሁለት ሦስት አሉ፤ ማንም ቅር አይለውም።"

"ጅብ መሆን የፈለገ የወንጂ መንገድ አለለት። እዚህ የሚቀመጠው ሰው ነው። የማይሞት ነገር አይፈራም። የማይፈራ ነገር ደግሞ ሲጫወት አያምርም።"

"ክቡርነትዎ፣ እኔ መቼ አልሞትም አልኩ?"

"ሰው ብቻ!"

ሌላ ጊዜ ይትባረክ የፈጠረው ሰው ወርቅ የሞላ ጆንያ ተሸክሞ ከአውሬ ሮጦ እንደሚያመልጥ ተናገረ። ክቡር አጫዋች ጨዋታውን አቆመ። ወደ መንገድ ወረደና ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ የቆመ አይሱዙ አግኝቶ፣ ሾፌሩን ለምኖ አንድ ጆንያ አስወረደ፤ ይትባረክንም በፎቁ ደረጃ አሸክሞ "ሩጥ" አለው። የባንኩ ልጅ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

"አየህ፣" አለው ማናሴ እርሳሱን እየቀረጸ፣ "ወርቅ ደግሞ ከሽንኩርት ይከብዳል።"

ወርቁ ዋሻው ውስጥ ቀረ። እስካሁንም እዚያው ነው።

ዳይሷም የእጁ ሥራ ናት። የተገዛ ዳይስ አያምንም፤ የስልክ ዳይስማ ስሙም አይነሳበት። በኮሌጁ ወርክሾፕ ከአሉሚኒየም ሦስት ሳምንት ሞርዶ ሠራት። ከዚያ ለሁሉም ቁጥር እኩል መውደቋን ለማወቅ ሁለት ሺህ ጊዜ ጥሎ፣ እያንዳንዱን በካሬ ደብተር መዘገበ። ፎዚያ ደብተሩን በዓይኗ አይታለች። "አትወድም፣ አትጠላም፤ ሁሉንም ሰው እኩል ነው የምታየው፣" ይላል ስለ ዳይሷ፣ ስለ አንዲት የተከበሩ ዳኛ እንደሚያወራ ሁሉ። የምትጣለውም በግልጽ፣ ሁሉ እያየ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አንዲት ቁጥር ደብቆ፣ አንዲት ቁጥር አዛብቶ አያውቅም። የፎዚያ የመጀመሪያ ሰው አንዲት ደግ መድኃኒተኛ ነበረች፤ ለአንድ ቁጥር ጉዳይ ጉድጓድ ገብታ ሞተች። ፎዚያ እንባዋ መጥቶ ለመነችው። ማናሴ ከእሷ ይልቅ የሚያለቅስ መስሎ ነበር። ግን ያለው ይህንኑ ነው፦ "ሦስት ነው፣ ፎዚያ። አዝናለሁ። ሦስት ነው።"

ታዲያ ምን ይዟቸው ይሄዳሉ? ወሬው ነዋ! ያ በቁልፍ የታነቀ ጉሮሮ ሲከፈት የሚወጣው ድምፅ ሌላ ነው። ዝቅ ይላል፤ ይለሰልሳል፤ መስኮቱን የሚያንኳኳው የአዳማ ነፋስ እንኳ ሊሰማው ጠጋ ያለ ይመስላል። ሰባት ሐይቆች ያሉበት አገር ነው የሚያወራው፤ አንዱ ጨው፣ አንዱ ደም የመሰለ ቀይ፣ አንዱ ሰማይን እንጂ ፊትህን የማያሳይ። በሐይቆቹ መሃል መሬቱ ይተነፍሳል። ከአዳማ ዳር ያለውን የቦኩን ኮረብታ በማለዳ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከድንጋይ ሥር የሚወጣው ነጭ እንፋሎት በቁጥቋጦው መሃል እንደ ሰው ቆሞ ይታያል። በማናሴ አገር እንፋሎቱ በእርግጥም የቆመ ሰው ነው። እንፋሎት ለባሾች ይላቸዋል። አይሞቱም፤ አያረጁም፤ አይርባቸውም። እዚያው ቆመው መንገደኛውን በስሙ ይጠሩታል።

"አንዴ ብቻ ነው የሚጠሩት፣" ይላል በዚያ በለሰለሰ ድምፅ። "የሚወድህ ሰው ስትጠፋበት ደጋግሞ ይጠራሃል። እነሱ ግን አንዴ ጠርተው ዝም ነው። በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ያለ፣ የነሱ ሆነ።"

ከእንዲህ ያለው እሁድ አንዱን ጨርሳ ፎዚያ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ከኋላዋ "ፎዚያ" የሚል ጥሪ ሰማች። አንዴ። ዞር ሳትል ሮጠች። ጠሪዋ ጎረቤቷ እትዬ ዘውድነሽ ነበሩ፤ የወደቀባትን ቁልፍ ሊሰጧት። "የዛሬ ልጅ!" ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፏት። ምን ብላ ታስረዳ?

ከተጫዋቾቹ ማናሴን የማይፈራው አንድ ባጫ ብቻ ነበር። ባጫ የደራ ልጅ ነው፤ አዳማ የብረት በር ይበይድ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። የፈጠረው ሰው ገመቹ ይባላል፤ ታንኳ ቀዛፊ። ጀግና አይደለም፤ ጎራዴ የለውም፤ ሰው ያሻግራል፣ ምሳውን በሰዓቱ ይበላል፣ በቃ። የመቅዘፊያ ዘፈኑን ባጫ ራሱ ነው የገጠመለት፤ ሁልጊዜም ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ ያንጎራጉራታል፦

ሐይቁን ተሻግሬ መጣሁልሽ ብዬ፣
ጉም ውስጥ ጠፍቶብኛል መቅዘፊያው እህትዬ።

በመጨረሻው እሁድ ገመቹ ተሳፋሪዎቹን ደሴት ላይ አውርዶ፣ ባዶ ታንኳውን ለመመለስ ብቻውን ወደ እንፋሎቱ ገባ። ማናሴ ቆየ። ድምፁን እስከማይሰማ ድረስ አወረደው።

"ገመቹ፣" አለ። አንዴ።

"ምን ታደርጋለህ?"

ባጫ ሳቀ፤ ሰዓቱን አየ፤ ጃኬቱን አነሳ። "ቆይ ላስብበት፣ ጋሽ ማናሴ። እሁድ እነግርሃለሁ።"

ሐሙስ ዕለት ወደ ደራ ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ።

ለለቅሶው ሁሉም ደራ ወረዱ። እዚያም ቢሆን ማናሴ ማናሴ ነው። ድንኳን ውስጥ ሌሊቱን ለመግፋት ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች መሃል ተቀምጦ፣ በሁለተኛው ቀን አንደኛውን ሽማግሌ "አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያቺን ካርታ ቀድመው አይተዋታል" አላቸው። ሊደበድቡት ነበር። ኦሊቃ እየጎተተ ከድንኳኑ አወጣው፤ ማናሴም አጥሩ ጥግ ደርሶ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ አለቀሰ። ኦሊቃ ይህን ለፎዚያ ብቻ ነው የነገራት፤ ያን ቀን አልቀለደም።

ከዚያ ወዲህ ያሉት እሁዶች እንዲህ ነበሩ። ስምንት ሰዓት ላይ ይሰበሰባሉ። ማናሴ የሰባቱን ሐይቆች ካርታ ይዘረጋል። ዳይሷን መሃል ያስቀምጣል። የባጫን ወንበር ትንሽ ሳብ ያደርጋል።

"ተራው የባጫ ነው፣" ይላል።

ይጠብቃሉ። ነፋሱ መስኮቱን ያንኳኳል። ከሩቅ፣ ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው ላይ የተተከሉት መብራት የሚያመነጩ ነጫጭ የነፋስ ማማዎች ይሽከረከራሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ክቡር አጫዋች ካርታውን ያጥፋል። "ለሚቀጥለው እሁድ።"

"ጋሽ ማናሴ፣" አለው ኦሊቃ በአራተኛው እሁድ፣ "እስከ መቼ ነው ሙት የምንጠብቀው?"

"ተራ አይዘለልም።"

"መጥቶ ይጥላል ብለህ ነው?"

"ተራ አይዘለልም አልኩህ!"

በስድስተኛው እሁድ ኦሊቃ ሳያስበው እንደ ልማዱ አምስት ብርጭቆ ስፕሪስ ይዞ ወጣ። ሰዎቹ ግን አሁን አራት ነበሩ። አምስተኛው ብርጭቆ ባዶው ወንበር ፊት ተቀመጠ፤ ማንም ሊያነሳው አልደፈረም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግማሽ ነበር። ኦሊቃ እኔ አይደለሁም ብሎ ማለ። ኦሊቃ ነው፤ ኦሊቃ መሆን አለበት። ሆኖም ያን ቀን ደረጃውን ሲወርዱ ማንም የኋለኛው መሆን አልፈለገም።

ከሁሉም የከፋው ግን የሊዲ ነገር ነበር። ሊዲ የባጫ ታናሽ እህት ናት፤ አዳማ የምትማረው ከእሱ ጋር በአንዲት ክፍል እየኖረች ነበር። ፎዚያ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሦስቴ መጥታ የእንቅልፍ ኪኒን ጠየቀች። ፎዚያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልሰጥም አለቻት። ልጅቷ ትምህርቱን ትታለች፤ ፊቷ ጉንጭ የለውም፤ ወንድሟ ከተቀበረ ጀምሮ አላለቀሰችም።

"ፎዚዬ፣ ስተኛ ይሞታል፣" አለቻት ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ። "ስነቃ እንደገና ይሞታል። ስንቴ ነው አንድ ሰው የሚሞተው?"

ፎዚያ ያን ዕለት ተረዳች፤ ይቺ ልጅ ካልተያዘች ትከተለዋለች።

በስምንተኛው እሁድ በሩ ተንኳኳ። ሊዲ ናት። የባጫን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። ማንም ሳይጋብዛት ማንም ያልተቀመጠባት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ጋሽ ማናሴ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው።"

"እሺ፣ ልጄ።"

"የባጫን ሰው ከነሱ አድርግልኝ። ከእንፋሎት ለባሾቹ። እነሱ አይሞቱም አይደል? ባጫ ማታ ማታ ሁሉንም ይነግረኝ ነበር።" ድምፏ ደረቅ ነበር፤ እንደተፈጨ ጠጠር። "እሁድ እሁድ እመጣለሁ። አንተ ድምፁን ታወጣልኛለህ። አንዴ ብቻ ይጥራኝ። በሳምንት አንዴ። እኔም አቤት እላለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ፎዚያ ክፍሉ የቀዘቀዘ መሰላት። ይትባረክ ወለሉን አየ። የሚከብድ ልመና አልነበረም፤ አንድ ቃል መናገር ነው። ማን ነው ለዚህች ልጅ አንድ ቃል የሚነፍግ?

ማናሴ እርሳሱን አወጣ፤ ቀረጸ፤ መልሶ ኪሱ ከተተ።

"ሰው ብቻ፣" አለ።

"ጋሽ ማናሴ!" ፎዚያ ብድግ አለች። "አሁን ነው ሕግህን የምታወራው? ልጅቷን አታያትም?"

"አያታለሁ።" ወደ ሊዲ ዞረ። "እነሱ አይሞቱም፤ እውነት ነው። ግን አያገቡም፣ አይወልዱም፣ ምሳ አይበሉም። ቆመው ይጠራሉ፣ በቃ። ወንድምሽ እዚህ ወረቀት ላይ 'ሰው' ብሎ በእጁ ጽፏል። እኔ ባጫን ከሰው አላወርደውም።" ዳይሷን በጣቱ ገፋ አድርጎ ፊቷ አደረሳት። "ተራው የባጫ ነው። ወረቀቱ አንቺ ጋ ነው፤ ስለዚህ ጣዪዋ አንቺ ነሽ። ታንኳው እንፋሎቱ ውስጥ ነው። ስሙ ተጠርቷል። ምን ያደርጋል?"

ሊዲ ወረቀቱን ከፕላስቲኩ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"ዝም ይላል፣" አለች በመጨረሻ። "ባጫ ሲጠሩት መቼ አቤት ብሎ ያውቃል? እማዬ ሦስቴ ጠርታው፣ አራተኛው በነጠላ ጫማ ነበር።"

ኦሊቃ ሳቁ አመለጠው። በሊዲም ከንፈር ጥግ ፈገግታ የምትመስል ነገር መጣች።

"ይቀዝፋል እንጂ አይመልስም።"

"ጣይ።"

አሥራ ሰባት። ታንኳው እንፋሎቱን ቀዶ ወጣ። ከስምንት ሳምንት በኋላ ገመቹ ዳር ደረሰ፤ ይትባረክ ሳያውቀው አጨበጨበ።

ማናሴ ግን ካርታውን አላጠፈም። ነጭ ወረቀት አወጣና መስመር አሰመረ። "ገመቹ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሰው ስለሆነ ያረጃል። ዛሬ ዕድሜውን እንጫወተው። በየአሥር ዓመቱ አንድ ጊዜ ይጣላል። በሠላሳ ዓመቱ ለመትረፍ ቁጥር ሦስት ይበቃዋል። ዕድሜው ሲገፋ የሚያስፈልገው ቁጥር ይጨምራል። በሰማንያ ዓመቱ ቁጥር አሥራ ስምንት፤ ከዚያ በላይ ሃያ ብቻ።"

በሠላሳ ወባ ያዘው። ሊዲ ዘጠኝ ጣለች፤ ተነሳ። በአርባ ድርቅ መጣ፤ ሐይቁ ሸሸ፤ አሥራ ሁለት። ሚስት አገባ። "ረጅም ትሁን፤ ምላሷ ኃይለኛ ይሁን፣ አለዚያ ይቀልድባታል፣" አለች ሊዲ። ሦስት ልጅ ወለዱ፤ ኦሊቃ አንዱ ኦሊቃ ካልተባለ አልጫወትም አለ። በሃምሳ ጀርባውን ታመመ፤ የፎዚያ መድኃኒተኛ፣ አሁን ያለችው ሁለተኛዋ፣ በጨው ውሃ አሸችው። በስድሳ ጦርነት አለፈበት፤ አሥራ ስድስት። በሰባ ሚስቱን ቀበረ፤ አሥራ ስምንት። ሊዲ ጉንጯ ቀልቶ ነበር። ሁሉም ተጠጋግተው ነበር። ባጫ መሃላቸው ያለ ያህል ነበር።

በሰማንያ አሥራ ዘጠኝ ጣለች።

በዘጠና ሃያ።

"እሰይ!" አለ ኦሊቃ።

በመቶ ዓመቱም ሃያ።

ኦሊቃ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ። ፎዚያ ያን ጊዜ ነው ነፋሱ መቆሙን ያስተዋለችው። መስኮቱ አይንኳኳም። ኮረብታው ላይ ያሉት ነጫጭ ማማዎች ክንዳቸውን ዘርግተው ቀጥ ብለዋል። ሊዲ ዳይሷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ከንፈሯ አስጠጋቻት።

"ባጫ፣" አለቻት። አንዴ ብቻ።

ለመቶ አሥር ጣለች። ሃያ።

"እየሰማኝ ነው፣" አለች። ፈገግታዋ ፎዚያ አይታው የማታውቀው ነበር፤ ዓይኗ አይበራም፣ ጥርሷ ብቻ ነው የሚታየው። "አላልኳችሁም? አይሞትም። እምቢ አለ። መቶ አሥር! ሌላ ልጣል። ሌላ!"

"ሁለት ሺህ ጊዜ የተሞከረች ዳይስ እኮ ናት፣" ብሎ ሹክ አለ ይትባረክ፤ ለማንም አይደለም።

ፎዚያ ማናሴን አየችው። ላቡ በቆለፈው ኮሌታ ላይ ይወርዳል። ያቺ ልጅ ፊታቸው ላይ እርምጃ በእርምጃ እየሄደች ነው፤ ወደ ነጩ እንፋሎት፣ ወደሚጠራው። ሁሉም ያዩታል፤ የሚያቆማት ግን የለም። ቁጥሩ በግልጽ ነውና።

"ከመቶ አሥር በላይ፣" አለ ማናሴ ቀስ ብሎ፣ "አጫዋቹ ነው የሚጥለው። ሕግ ነው።"

ይትባረክ አፉን ከፈተ። የጨዋታውን ሕግ ሁሉ ፎቶ ኮፒ ያደረገው እሱ ነው፤ እንዲህ የሚል ገጽ የለም። አፉን ዘጋ።

ማናሴ ዳይሷን ከሊዲ እጅ ወሰደ። ከዚያ በስድስት ዓመት ውስጥ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ የጨዋታ ወረቀቶቹን የሚይዝበትን ፋይል ቀጥ አድርጎ እንደ ግድግዳ አቆመና ከጀርባው ጣለ። ዳይሷ ተንከባለለች፤ ቆመች። ከግራው የተቀመጠችው ፎዚያ ብቻ አየች።

ሃያ።

በመዳፉ ከደናት።

"ሁለት፣" አለ ክቡር አጫዋች።

"ልየው፣" አለች ሊዲ።

"ሁለት ነው፣ ሊዲ። አዝናለሁ።"

"ውሸትህን ነው! አሳየኝ!"

"ኧረ ሊዲዬ፣" አለ ኦሊቃ፤ ድምፁ ተሰብሯል፤ "ይሄ ሰውዬ እኮ ማናሴ ነው። ይትባረክን ለአንድ መስመር ወሬ ሽንኩርት ያሸከመ ሰው! ለቅሶ ቤት ሽማግሌ አጭበረበሩ ያለ ሰው! ለእናቱም ቢሆን ሦስትን አራት አይልላትም። ሁለት ካለ ሁለት ነው።"

ይትባረክ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሊዲ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ የማናሴን ፊት አየች፤ ያንን ግትር፣ ደረቅ፣ አንድ ቀን እንኳ ለሰው ሲል ያልተጣመመ ፊት። እናም አመነችው። ፎዚያ ያኔ ገባት። ስድስት ዓመት ሙሉ ያሰለቻቸው፣ ያናደዳቸው፣ ያስለቀሳቸው ያ ሁሉ ድርቅና ባይኖር ኖሮ ይህቺን አንዲት ቃል በዚህ ከተማ ማን ያምናት ነበር?

"እንዴት ነው የሞተው?" አለች ሊዲ።

ድምፁ ለሰለሰ። "እሁድ ነው። ምሳ በልቷል፤ ሁለት ጊዜ አስጨምሯል። አልጋው መስኮት ሥር ነው፤ ሐይቁ ይታያል። ትንሽ ጋደም ልበል አለ። የልጅ ልጆቹ ዝም በሉ ተባሉ፤ ዝም አላሉም። በጫጫታቸው መሃል እንቅልፍ ወሰደው። አልነቃም።"

"ማን አጠገቡ ነበር?"

"እህቱ።"

"እሷም አርጅታ?"

"አንድ ጥርስ የላትም።"

ሊዲ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰነጠቀና ስምንት ሳምንት የጠፋው ለቅሶ መጣ። ፎዚያ አቅፋ ያዘቻት። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ ካርታው ላይ፣ ከሰባቱ ሐይቆች በላይ አለቀሰች። ማንም ተይ አላላትም። ማናሴ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል፤ መዳፉ እዚያው ዳይሷ ላይ ነው።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ሊዲ አፍንጫዋን ጠረገች። "ራበኝ፣" አለች፤ በገዛ ቃሏ የተገረመች ይመስል።

ኦሊቃና ይትባረክ ሳምቡሳ ፍለጋ እየተጋፉ ወረዱ። ፎዚያ ሊዲን ደግፋ ተከተለች። በሩ ጋ ዞር ብላ አየችው። ማናሴ ቀና ብሎ አላያትም። እስክትወጣለት እየጠበቀ ነበር። ወጣችለት፤ በሩንም ዘጋችለት።

ደረጃው መሃል ላይ ሊዲ ቆመች።

"ፎዚዬ። አንቺ ከጎኑ ነበርሽ። ሁለት ነው?"

ፎዚያ በሕይወቷ መድኃኒት ሰፍራ ተሳስታ አታውቅም፤ ዋሽታም የምትታማ አይደለችም። የልጅቷን ዓይን አየችው። እብጠቱ፣ ቅላቱ፣ እንቅልፉ። ዛሬ የሚመጣ እንቅልፍ።

"ሁለት ነው፣" አለቻት።

ከላይ፣ ከተዘጋው በር ኋላ፣ ዳይሷ ጠረጴዛው ላይ ስትንከባለል ተሰማ። ቆመች። ረጅም ዝምታ ሆነ። እንደገና ተጣለች፤ ቆመች፤ ደግሞ ዝምታ፣ ከፊተኛው የረዘመ።

ሊዲ ቀና አለች። "ምንድን ነው?"

"ጋሽ ማናሴ ነዋ፣ ያው እንደ አመሉ ዳይሷን ይፈትሻል፣" አለች ፎዚያ። ክንዷን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት፤ ሳምቡሳው ምስር ይሁን ሥጋ እያለች፣ ከሚገባው በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እያወራች፣ ወደ ፀሐዩ ይዛት ወረደች።